ግሬደሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው

እንደምን አመሻችሁ። አብዛኛዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም።

ዛሬ የማወራው ስለ ገበሬ ገበያ ነው። ገበሬው ያመረተውን ራሱ አምጥቶ፣ ራሱ መደብ ላይ ዘርግቶ፣ ራሱ የሚሸጥበት ገበያ ማለቴ ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው መሀል ከተማ ነው። መሀል ከተማ ደግሞ መሬት እሳት ነው። አንድ ቀን የሆነ ሰው ካርታ ዘርግቶ «እዚህ ቦታ ላይ ጎመን ይሸጣል እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ሆቴል ቢቆምበት፣ ቢሮ ቢሠራበት፣ አፓርታማ ቢወጣበት የሚገኘው ገንዘብ ይሰላል። በዚያ ስሌት ጎመን አያሸንፍም።

ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ወሬው የሚጀምረው ከግሬደሩ ነው። ግሬደር መጣ፣ ሻጮች አለቀሱ፣ ፎቶ ተነሳ፣ በቃ። እኔ ግን ግሬደሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው ባይ ነኝ። ሲደርስ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ጎኑ የሞተ ገበያ ነው። የገደለው ሌላ ነው። አንዳንዴ ጦርነት፣ አንዳንዴ ሱፐርማርኬት፣ በጣም ብዙ ጊዜ ደግሞ «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» የምትል አጭር ማስታወቂያ። ዛሬ የምንነካካው እሷን ነው።

የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ የአንድ ገበያ ታሪክ ነው። አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ውስጥ ያለው ፓይክ ፕሌስ። ዝነኛ ስለሆነ አይደለም የመረጥኩት። አንድ የገበሬ ገበያ ሊደርስበት የሚችለው ነገር ሁሉ ደርሶበታል። ደርቷል፣ ቀዝቅዟል፣ ይፍረስ ተብሎ ተወስኖበታል፣ ተርፏል። ከተረፈ በኋላም ሌላ ጣጣ ውስጥ ገብቷል።

የተከፈተው ኦገስት 17 ቀን 1907 ነው። ከዚያ በፊት የአካባቢው ገበሬ ምርቱን የሚያስረክበው ለደላሎች ነበር። ስንት እንደሚያገኝ የሚያውቀው ደላላው ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ደላላው «ገበያ ቀዝቅዞ ነበር፣ ግማሹም ተበላሽቶብኛል» ካለው ምን ይመልስለታል? ባዶ እጁን የሚመለስበት ጊዜ ነበር። በሌላው ጫፍ ያለው ሸማች ደግሞ ኑሮ ጣራ ነክቶበታል። የሽንኩርት ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ አሥር እጥፍ ዘለለ ተብሎ ተጽፏል። ገበሬው ተበላሁ ይላል፣ ሸማቹም ተበላሁ ይላል። መሀል ላይ የሚበላ ሰው እንዳለ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም።

ቶማስ ሬቬል የተባለ የከተማው ምክር ቤት አባል አንድ ሐሳብ አመጣ። ገበሬዎች አንድ መንገድ ላይ ጋሪያቸውን ያቁሙና በቀጥታ ለሕዝብ ይሽጡ። በመጀመሪያው ቀን የመጡት ጋሪዎች አሥር ገደማ ቢሆኑ ነው። የጠበቃቸው ሕዝብ ግን በሺ የሚቆጠር ነበር። ጋሪዎቹ ወዲያው ተራገፉ። ብዙ ሰው ዘንቢሉን ባዶ ይዞ ተመለሰ። ዓመቱ ሳያልቅ ፍራንክ ጉድዊን የተባለ ባለሀብት ሻጮቹ የሚጠለሉበት ቤት ሠራ። ገበያው ከዚያ ወዲያ እያደገ ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ገበያው የተፈጠረው ለከተማው ድምቀት፣ ለቱሪስት፣ ለፎቶ አይደለም። ደላላን ለመዝለል ነው። ይህን የምለው ወደፊት ስለሚያስፈልገን ነው። አንድ ገበያ ለምን እንደተፈጠረ የረሳ ሰው ሊያድነው ሲነሳ ሌላ ነገር አድኖ ይመለሳል።

ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ። መደቦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። ከፍ ያሉት ቋሚ ናቸው፤ ከጅምላ ገዝተው የሚቸረችሩ ነጋዴዎች ይዘዋቸዋል። ዝቅ ያሉት ጠረጴዛዎች ደግሞ የገበሬው ናቸው። የዝቅተኞቹ መደቦች ድልድል በየዕለቱ ነው። ጠዋት ስም ይጠራል። የገበያው ኃላፊ መዝገቡን ይዞ ይቆማል፤ ሻጮቹ ይከቡታል። ስሙ የተጠራ ሰው የዕለቱን ቦታ ይመርጣል። ቀድሞ የሚጠራው ብዙ ዓመት የቆየው ነው። አዲስ የመጣው የተረፈውን ይወስዳል። ሰው በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ወደ ጥሩው ማዕዘን ይጠጋል። ለኔ የዚህ ገበያ ትልቁ ሀብት ይህ መዝገብ ነው። ቤቱን በስድስት ወር መልሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። መዝገቡን ግን አንዴ ከበተናችሁት በኋላ ማን ከማን እንደሚቀድም የሚያውቅ ሰው አይኖርም። ያኔ ቦታ የሚያገኘው ጉልበት ወይም ዘመድ ያለው ነው።

በ1930ዎቹ መጨረሻ እዚህ ለመሸጥ ፈቃድ የነበራቸው ገበሬዎች ከ500 በላይ ነበሩ። በ1949 የቀሩት 50 ገደማ ናቸው። በአሥር ዓመት ከአሥሩ ዘጠኙ ጠፉ ማለት ነው። ያኔ የልማት ዕቅድ የለም፤ ግሬደርም የለም። ታዲያ ምን መጣ?

መጀመሪያ የመጣው ጦርነት ነው። ከገበሬዎቹ መደቦች ከግማሽ በላይ የያዙት ከጃፓን የመጡ ስደተኞችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከሲያትል ደቡብ ባለው ሸለቆ መሬት እየተከራዩ አትክልት ያመርታሉ። ጃፓን የአሜሪካን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት 9066 የሚባለውን ትዕዛዝ ፈረሙ። በዚህ ትዕዛዝ መሠረት በምዕራብ አሜሪካ የነበሩ ጃፓናውያንና ጃፓን አሜሪካውያን ከቤታቸው እየተነሱ ካምፕ ገቡ። ዜግነት ያለውም የሌለውም። የሲያትሎቹ መጀመሪያ የገቡት ፒዩአለፕ የሚባል ከተማ የአውደ ርዕይ ሜዳ ላይ ነው፤ በኋላ አይዳሆ ውስጥ ወዳለው ሚኒዶካ ተወሰዱ። ሰብሉ ማሳ ላይ ቀረ። በዚያ ዓመት የጸደይ ምርት ሲደርስ ለቃሚ እንኳ አልነበረም። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ወደ ቀድሞ መሬታቸው መመለስ የቻሉት ጥቂቶች ናቸው። መሬቱን ሌላ ሰው ይዞታል፤ መደቡንም እንዲሁ። ዛሬ በገበያው መግቢያ ላይ እነሱን የሚያስታውስ የግድግዳ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ያምራል። መዝገቡ ላይ ግን ስማቸው አልተመለሰም።

ቀጥሎ የመጣው በሁሉም አገር የምናውቀው ነው። መኪና፣ ሰፊ መንገድ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሱፐርማርኬት። ሰው ከከተማ ዳር ቤት ሠራ፤ ገበያውም እዚያው ተከተለው። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልቆይበትም።

የሚቆየኝ ሦስተኛው፣ ዘግይቶ የመጣው ነው፤ መሬቱ። ቅድም ያልኩት ሸለቆ በየጊዜው በጎርፍ ይጥለቀለቅ ነበር። ጎርፍ ደግሞ ለገበሬ ሁለት መልክ አለው፤ ያጠፋል፣ ደለልም ያመጣል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወንዙ ላይ ትልቅ ግድብ ተሠራ። ጎርፉ ቆመ። ገበሬው ተገላገለ ትላላችሁ? ጎርፍ የማይነካው ሜዳማ መሬት ለመጋዘንና ለፋብሪካ ተመቸ። ዋጋው ናረ፤ አየር በአየር የሚነግደው ሁሉ ተሯሯጠ። በ1968 እዚያው አካባቢ፣ እርሻ የነበረ መሬት ላይ፣ ግዙፍ የገበያ ማዕከል ተከፈተ። ግዙፍ የመኪና ማቆሚያውን ጨምሮ። ሰላጣ የሚበቅልበት መሬት ላይ ሰላጣ የሚሸጥ ሱቅ በቀለ።

እንግዲህ የማፍረሱ ዕቅድ የመጣው፣ ያ የገበያ ማዕከል ገና ሳይከፈት፣ እንዲህ እየተዳከመ በነበረ ገበያ ላይ ነው። በ1963 የገበያውን ቤቶች አፍርሶ በምትኩ ሆቴል፣ የመኖሪያና የቢሮ ሕንፃዎች፣ የስፖርት አዳራሽና የመኪና ማቆሚያ የሚሠራ ሐሳብ ቀረበ። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት የከተማ መልሶ ማልማት ፕሮግራም ይመጣል ተባለ። ያንን ገንዘብ ለማግኘት ግን ሰፈሩ ያረጀና የተበላሸ መሆኑ በይፋ መመስከር አለበት። ምስክሩ ደግሞ በሽ ነው። ጣራው ያፈሳል፣ እንጨቱ በስብሷል፣ አይጥ አለ፣ መደቦቹ ባዶ ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ምክንያቱም የዛሬው ንግግሬ ነጥብ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ቦታ «ለልማት ይፈለጋል» ከተባለበት ቀን ጀምሮ የሁሉም ሰው ስሌት ይቀየራል። የቤቱ ባለቤት ጣራ አያድስም፤ ነገ ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ የሚገዛ የለም። ከተማው የፍሳሽ መስመር አይጠግንም። ባንክ አያበድርም። ኮንትራቱ ከዓመት ወደ ወር በወር ይወርዳል። ጎበዝ የሆነው ነጋዴ ቀድሞ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ሁልጊዜም መጀመሪያ የሚወጣው ጥሩው ነው። የቀሩት የሚሄዱበት የሌላቸው ናቸው። ይህ ሁሉ የሚሆነው አንድ ጡብ ሳይነሳ ነው።

ገበሬው ላይ ሲደርስ ደግሞ ይብሳል። ሱቅ ያለው ነጋዴ በሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ዕቃውን ጠቅልሎ ሊወጣ ይችላል። ገበሬ ግን ዛሬ የሚዘራው ከወራት በኋላ ለሚኖር ገበያ ነው። የፍሬ ዛፍ የሚተክል ከሆነ ለዓመታት። «በሚቀጥለው ዓመት ገበያው ይኑር አይኑር አይታወቅም» ሲባል ምን ያደርጋል? ወይ ምርቱን ለጅምላ አከፋፋይ ኮንትራት ይገባል፣ ወይ አይዘራም። ያ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ገበያው ቢኖርም አይመጣም። ደግሞ አስቡት፤ ገበሬ መደብ ላይ የሚውልበት ቀን ከማሳው የተሰረቀ ቀን ነው። ሌሊት ይጭናል፣ ከመንጋቱ በፊት ይነዳል፣ ቀኑን ቆሞ ይውላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ገዢ እንዳለ እርግጠኛ ከሆነ ብቻ ነው።

ገዢውስ? ገዢው ዝርዝር ይዞ ነው የሚመጣው። ድንች፣ ካሮት፣ ሰላጣ፣ እንቁላል። ድንች ሻጩ ከቀረ ድንቹን ሌላ ቦታ ይገዛል። ሌላው ቦታ ከደረሰ በኋላ ካሮቱንም እዚያው ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ መደብ ሲጎድል የሚጎዳው የጎደለው ሰው ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም ነው። ካሮት ሻጩም በተራው ይቀራል።

ከዚያ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጥኚዎች ይመጣሉ። ባዶ መደብ ይቆጥራሉ። የሚያፈስ ጣራ ፎቶ ያነሳሉ። «ገበያው እኮ በራሱ ጊዜ ሞቷል» የሚል ሪፖርት ይጽፋሉ። ቁጥሩ ልክ ነው። ፎቶውም ልክ ነው። የጎደለው ነገር ቀኑ ነው። ጣራው ማፍሰስ የጀመረው መቼ ነው? ዕቅዱ ከመነገሩ በፊት ወይስ በኋላ? እንዲህ ያለ ሪፖርት ስታነቡ መጀመሪያ የምትፈልጉት ይህን ይሁን። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ሁሉንም ነገር በዕቅድ ላይ መደፍደፍም አይቻልም። ፓይክ ፕሌስ ከ1963 በፊት ክፉኛ ቆስሎ ነበር፤ ቅድም ነገርኳችሁ። ዕቅዱ ያደረገው የቆሰለው እንዳይድን ማድረግ ነው። ይህ ራሱ ቀላል ጥፋት አይደለም።

ወደ ሲያትል እንመለስ። በ1964 «የገበያው ወዳጆች» የሚባል ቡድን ተቋቋመ። ከፊት የነበረው ቪክተር ስታይንብሩክ ነው፤ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር መምህር። ሰውየው አዲስ ነገር የሚጠላ ሽማግሌ አልነበረም። ለ1962ቱ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራውን፣ ዛሬ የሲያትል መለያ የሆነውን የስፔስ ኒድል ማማ ንድፍ ካወጡት አንዱ ነው። ገበያው ውስጥ እየተቀመጠ ሻጮቹን፣ መደቦቹን፣ ደረጃዎቹን በእጁ ይሥል ነበር። ሥዕሎቹን ስታዩ ሕንፃው ቆንጆ አይደለም። እሱም ቆንጆ ነው አላለም።

ትግሉ ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ፊርማ ተሰብስቦ ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። የሚገርመው፣ ያኔ «ገበያውን እናድን» የማይል ወገን አልነበረም። የከተማው ዕቅድ ራሱ በኋለኛው መልኩ የገበያውን አንድ ትንሽ ክፍል አስቀርቶ ዙሪያውን በአዲስ ሕንፃ የሚከብ ነበር። ስለዚህ መራጩ የተጠየቀው ገበያ ትወዳለህ ወይ ተብሎ አይደለም፤ ሁሉም ይወዳል። የተጠየቀው ስንቱ ይቀራል፣ የሚወስነውስ ማን ነው ተብሎ ነው። ኖቬምበር 2 ቀን 1971 ወደ 59 በመቶ የሚሆነው መራጭ ገበያውንና አካባቢውን በሕግ የተጠበቀ ታሪካዊ ቀጠና ለሚያደርገው ሕግ ድምፁን ሰጠ። ለማፍረስ ታስቦ የነበረው የፌዴራል የመልሶ ማልማት ገንዘብ በኋላ ለማደሻ ዋለ። ይህን ክፍል ሳነበው ሁሌም ፈገግ እላለሁ።

አሁን ወደ ሕጉ። ይህ ሕግ ሌላ ቦታ ካሉት የቅርስ ሕጎች የሚለይበት ነገር አለው። የቅርስ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ግድግዳ ነው። መስኮቱን አትቀይር፣ ቀለሙን አትንካ፣ ቁመቱን አትጨምር። ይህን ሕግ የሚያስፈጽመው የሲያትሉ ኮሚሽን ግን ግድግዳውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ያያል። አንድ ሥጋ ቤት ተዘግቶ በቦታው የቅርሳ ቅርስ ሱቅ ልክፈት የሚል ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ሊከለከልም ይችላል። መደብ ላይ ለሚሸጥ ገበሬም ዋናው ደንብ አምራቹ ከገዢው ፊት እንዲቆም ነው። የብዙ ቅርንጫፍ ባለቤት የሆኑ ሱቆች በመርህ አይገቡም። እርግጥ ነው፣ ዓለምን ያዳረሰው ስታርባክስ ሥራ የጀመረው በዚሁ ሰፈር በ1971 ነው፤ ዛሬም ገበያው ፊት ለፊት ረጅም ሰልፍ አለው። ሲጀምር አንድ ሱቅ ስለነበረ ምን ይባላል።

ገበያውን የሚያስተዳድረው በ1973 የተቋቋመ የሕዝብ ድርጅት ነው። ከገበያው ጋር ክሊኒክ፣ የአረጋውያን ማዕከል፣ የሕፃናት መዋያና ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የሚሆን መኖሪያ አብሮ አለ። ይህ ለደግነት ብቻ አይደለም። ከላይ የሚኖረው አረጋዊ ማክሰኞ በዝናብም ወርዶ ሁለት ካሮት ይገዛል። ቱሪስት ይህን አያደርግም።

ግድግዳውን አድኖ ሥራውን ማጣት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ለንደን ይሂድ። ኮቨንት ጋርደን ለሦስት መቶ ዓመታት ገደማ የአትክልትና የአበባ ገበያ ነበር። በ1974 ገበያው ናይን ኤልምስ ወደሚባል ቦታ ተዛወረ። የሰፈሩን ሰፊ ክፍል ለማፍረስ ዕቅድ ነበር፤ ነዋሪው ተነሳ፣ ከ200 በላይ ሕንፃዎች በቅርስነት ተመዘገቡ፣ ሰፈሩ ዳነ። የገበያው አዳራሽ በ1980 ተመልሶ ተከፈተ። ዛሬ ሄዳችሁ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቡና ታገኛላችሁ። ድንች የለም። ነዋሪዎቹ ያሸነፉት ትልቅ ድል ነው፤ አላቃልለውም። ነገር ግን የዳነው ሰፈሩ ነው። የሚገርመው፣ ወደ ናይን ኤልምስ የሄደው ገበያ ራሱ አካባቢው ተወዶበት በተራው እንደገና በመልሶ ማልማት ውስጥ ገብቷል።

ፓሪስ ሁለቱንም አጣች። ሌዛል የሚባለው የመሀል ከተማ ገበያ በ1969 ከከተማው ውጪ ወዳለው ረንጂስ ሄደ። ቪክቶር ባልታር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠራቸው የብረትና የመስታወት አዳራሾች ከ1971 ጀምሮ ፈረሱ። አንዱ ተነቅሎ ሌላ ከተማ ተተከለ። ቦታው ለዓመታት ትልቅ ጉድጓድ ሆኖ ቆየ፤ የፓሪስ ሰው «የሌዛል ጉድጓድ» ይለው ነበር። በ1979 የተከፈተው የመሬት ውስጥ የገበያ ማዕከል ራሱ አልተወደደም፤ እንደገና ተሠርቶ በ2016 አዲስ ጣራ ለብሷል። ለማፍረስ የቸኮለ ከተማ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ አልቸኮለም።

የመጠበቅን ዋጋ ደግሞ ቶኪዮ ታሳየናለች። የሱኪጂ የዓሣና የአትክልት ገበያ እንዲዛወር የተወሰነው በ2001 ነው። የተዛወረው ኦክቶበር 2018 ነው። አዲሱ ቦታ ቶዮሱ ቀድሞ የጋዝ ማምረቻ ስለነበረ አፈሩ ተመርዞ ተገኘ፤ በ2016 ሊዛወሩ ሲሉ የቶኪዮ አስተዳዳሪ ዩሪኮ ኮይኬ አዘገዩት። አሥራ ሰባት ዓመት ዛሬ ነገ ሲባል ኖረ። አባቱ መካከለኛ ጅምላ ሻጭ የሆነ ወጣት በእነዚያ ዓመታት ሥራውን ልውረስ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ሲያስብ ይታያችሁ። ብዙዎቹ ሳይዛወሩ ሥራቸውን ዘጉ።

ፓይክ ፕሌስ ከተረፈ በኋላ ተደላድሎ ኖረ ብዬ ብሄድ ዋሸሁ። በ1980ዎቹ አስተዳዳሪው ድርጅት ለታክስ ጥቅም ሲል የቤቶቹን ባለቤትነት በወረቀት ለባለሀብቶች አዛወረ። የታክስ ሕጉ ሲቀየር ባለሀብቶቹ እውነተኛ ባለቤት ነን አሉ። በክርክርና በድርድር ተመልሶ እጁ የገባው በ1991 ነው። በሕዝብ ድምፅ የተረፈ ገበያ በሒሳብ ብልጠት ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር።

ከዚህ የከበደው ጣጣ ግን ዝናው ራሱ ነው። በዓመት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው ይጎበኘዋል። ጎብኚ ሆቴል ነው የሚያድረው፤ ጎመን ገዝቶ የት ይቀቅለዋል? የሚገዛው በእጁ የሚይዘውን ወይም እየሄደ የሚበላውን ነው። ስለዚህ የገበሬው ጠረጴዛ ቀስ በቀስ ወደ አበባ አደላ። አበባውን የሚያመጡት በብዛት ከላኦስ በስደት የመጡ የሞንግ ገበሬዎች ናቸው፤ በ1980ዎቹ ነው ገበያውን የተቀላቀሉት። ለእነሱ እሰየው፤ ገበያው ለአዲስ መጤ በር መክፈቱን አላቆመም። ለሰፈሩ ነዋሪ ግን ሌላ ነገር ነው። የቅዳሜ ግፊያ ውስጥ ሁለት ኪሎ ድንች ፍለጋ መግባት ትዕግሥት ይጠይቃል። ብዙ ነዋሪ በየሰፈሩ ወደተከፈቱት ትናንሽ የገበሬ ገበያዎች ሄዷል። እኔ በእነዚህ ትንንሾቹ አልከፋም። እንዲያውም የ1907ቱ ሐሳብ ይበልጥ ያለው እነሱ ጋ ይመስለኛል።

መሬቱስ? የሲያትል ሰው ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። ገበያው ከተረፈ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1979፣ ከተማው ያለበት የኪንግ ካውንቲ መራጭ 50 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ገንዘቡ መሬቱን ለመግዛት አልነበረም። ገበሬው መሬቱን ይዞ ይቀጥላል፤ ሕንፃ የመገንባት መብቱን ብቻ ለሕዝብ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ማንም ቢገዛው መሬቱ እርሻ እንጂ መጋዘን አይሆንም። ብልህ ዘዴ ነው፤ ለገበሬው ገንዘብ ይሰጠዋል፣ አየር በአየሩንም ያቆመዋል። ከሸለቆው ብዙው ግን ያኔ ሄዶ ነበር።

እንግዲህ እናንተም አንድ ቀን እንዲህ ያለ የልማት ስብሰባ ላይ መቀመጣችሁ አይቀርም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ውብ ሥዕል ነው። መስታወት፣ ዛፍ፣ ፊኛ የያዘ ሕፃን። ከሥር «ገበያው በአዲስ መልክ ይቀጥላል» ይላል። በሥዕሉ አትጣሉ። የጭነት መኪናው የት ይቆማል በሉ። ገበሬ ያለ ማራገፊያ ገበሬ አይደለም፤ ምድር ቤት ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ሣጥን በአሳንሰር እያወጣ ጎመን የሚሸጥ ሰው የለም። ንድፍ አውጪዎች ይህን ሲረሱ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ በክፋት አይመስለኝም፣ ራሳቸው ጭነው ስለማያውቁ ነው።

ግንባታው እስኪያልቅ ሻጩ የት ይቆያል? «ጊዜያዊ ቦታ» ሲባል ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን? ገዢ እግሩ አንድ መንገድ ከለመደ በኋላ መመለሱ ከባድ ስለሆነ፣ ገበያውን በአንዴ ከማንሳት በከፊል በከፊል መገንባት ይሻላል። ወጪው ይጨምራል ይሏችኋል። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ያ ወጪ የገበያው ዋጋ ነው፤ ካልተከፈለ የሚከፍለው ሻጩ ይሆናል።

የመመለስ መብትም በቃል አይያዝም። ዛሬ ያለው መዝገብ በስም ዝርዝር ከኮንትራቱ ጋር ይያያዝ። ኪራዩ እንዴት እንደሚሰላም እዚያው ይጻፍ። «በወቅቱ የገበያ ዋጋ» ከተባለ ጎረቤት ያለው ሆቴል የሚከፍለው ዋጋ ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ አትመለሱም ማለት ነው። ከሽያጭ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ኪራይ አለ፤ ዝናብ ዘንቦ ሽያጭ በቀነሰበት ቀን ገበሬው የሚከፍለውም ይቀንሳል። ማን ይሽጥ የሚለውን የሚወስነው አካል ውስጥም ሻጩ ራሱ ወንበር ይኑረው።

ከሁሉ በፊት ግን ቀን ጠይቁ። «ወደፊት ይለማል» የሚል ዕቅድ ቀን ከሌለው ባለቤቶቹ እስከዚያው የመጠገን ግዴታ እንዳለባቸው የሚል አንቀጽ አብሮት ይግባ። ከሚጠገኑት አንደኛው ጣራው ይሁን።

ሰዓቴን በጥቂቱ አሳልፌያለሁ መሰለኝ። ከኋላ እጅ ያወጡትን አይቻለሁ፤ ከዚያ እንጀምር።